ሰይደሊያ ስትገቢ

እኅታችን፣ ራውዳ ውስጥ ለጉንፋን ወይም ለራስ ምታት ወደ ሰይደሊያ ጎራ ያላልሽ አትኖሪም። እንደ ብዙዎቻችን ከሆንሽ ማዳም እንዳትቆጣ ትቸኩያለሽ፤ ባለሙያው የሚልሽን ግማሹን ሰምተሽ ከረጢቱን አንጠልጥለሽ ትወጫለሽ። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚያች አጭር ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ደኅና ሆኖ ሳለ አወሳሰዱ ሳይገባን በመቅረቱ ብቻ የሚደርስ ጉዳት አለና።

በመጀመሪያ ቀኑን ተመልከቺ። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የፈረንጆች ዘመን ነው። 03/2027 የሚል ካየሽ፣ መድኃኒቱ የሚያገለግለው እስከ መጋቢት 22 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር 2027 ነው ብላ ያስቀመጠች እኅት ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ስምንት ዓመት ልትውጥ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ባለሙያው «8» ብሎ ከጻፈልሽ በእኛ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ከቁርስ በፊት እንዲዋጥ የታዘዘ ኪኒን በዚህ ስሕተት ከምሳ በኋላ ሊዋጥ ይችላል።

በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ። ጉንፋን ይዞኝ ከአንድ ሰይደሊያ የጉንፋን ኪኒን ገዛሁ፤ ራሴን ሲያመኝ ደግሞ ቤት ካለው ፓናዶል እጨምር ነበር። ሁለቱም ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል መሆኑን የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ፌቫዶልም አዶልም ያው ናቸው፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። ጉዳቱ ደግሞ ወዲያው አይታወቅም፤ ሰውየው ደኅና ነኝ ሲል አንድ ሁለት ቀን ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ። ጥሩ ሰይደሊያ የሚታወቀው መስታወቱ ስላበራ ሳይሆን ባለሙያው ስለሚጠይቅሽና ስለሚመልስልሽ ነው። ሳይጠይቅሽ ቢቀር አንቺው ንገሪው፦ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ «አና ሓሚል»፣ መድኃኒት የማይስማማሽ ከሆነ «ዒንዲ ሐሳሲያ» በዪ። «ቀብል አል-አክል» ከምግብ በፊት፣ «በዕድ አል-አክል» ከምግብ በኋላ ማለት ነው። በካርቶኑ ላይ በቁጥር እንዲጽፍልሽ ለምኚው፤ አያፍርብሽም፣ ሥራው ነው።

አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሸጥልሽም ቢል ደግሞ አትቀየሚው። ሳዑዲ ዐረቢያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሕግ አጥብቃ ታስፈጽማለች። «ወስፋ» የሚሉት የሐኪሙን ማዘዣ ነው። ጓደኛሽ ከጀመረችው አሞክሲሲሊን የተረፈውን ብታካፍልሽ፣ የእሷም ሕክምና ይጎድላል፣ የአንቺም በሽታ በግማሽ መድኃኒት አይሞትም።

ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሸጠው ብዙ አልልም፤ ታውቂዋለሽ። «ያወፍራል» ተብሎ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚመጣው ኪኒን ስምም ቀንም የለውም። ከእነዚህ መካከል ዴክሳሜታሶን የሚገኝባቸው አሉ፤ ፊትን ያሳብጣል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያስነሣል፣ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥም ሕይወት ያሰጋል። ጀምረሽ ከሆነ በራስሽ አታቋርጪ፣ ለሐኪም ንገሪ። የጤና ሚኒስቴር የስልክ መስመር 937 ነው፤ ሌሊትም ይሠራል።

መድኃኒቱ ቤት ከገባም በኋላ ሙቀት ያበላሸዋል። አብዛኛው ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ የሪያድ በጋ ደግሞ ከ40 በላይ ይወጣል። በመኪና ውስጥ የተረሳ፣ ከምድጃ አጠገብ የተሰቀለ መድኃኒት ቀኑ ቢቀረውም አትመኚው። ለእናትሽ ኢንሱሊን ወደ አገር ቤት ለመላክ ካሰብሽ ይበልጥ አስቢበት፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተጠበቀ ሻንጣ ውስጥ ኃይሉን ያጣል፣ መልኩ ግን ላይለወጥ ይችላል። እናትሽም መድኃኒት ወሰድሁ ብላ ስኳሯ ከፍ ብሎ ትገኛለች። ገንዘቡን ላኪላትና በአካባቢዋ ካለ ፈቃድ ያለው መድኃኒት ቤት፣ አዲስ አበባ ከሆነች ከከነማ ወይም ከቀይ መስቀል ትግዛ። በተገዛው ላይ ጥርጣሬ ቢገባት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 ነው።