የልብስ ሱቅዎን ከመዝጋትዎ ወይም ብር ከመጨመርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ
ለይርጋጨፌና ለአካባቢው ነጋዴዎች

በይርጋጨፌ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ገበያ ሲቀዘቅዝበት የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው። አንዱ «ዝጋውና ተገላገል» ይለዋል። ሌላው «ዲላ ወይም ሐዋሳ ግባ» ይለዋል። ሦስተኛው «ተበደርና ሱቁን አሳምረው» ይለዋል። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጡ ወይም የሚያሳጡ ናቸው፤ ከተወሰኑ በኋላም ለመመለስ ይከብዳሉ።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከዚያ ውሳኔ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ እንዲያረጋግጡ ነው። እምነታችንን ከወዲሁ እንናገር፤ ይርጋጨፌ የሚለብስና የሚገዛ ሰው አላጣችም። ብዙ ሱቆች ገዢ ያጡት ዕቃቸውን የሚያመጡበት ጊዜ ገበሬው ገንዘብ ከሚይዝበት ጊዜ ጋር ስላልተገናኘ፣ ዋጋቸውም ስላልታመነ ነው። ሁለቱም ያለ ብድር ሊስተካከሉ ይችላሉ።

1. ገዢው የት እንደሄደ በስም ያውቃሉ?

«ሰው ገንዘብ የለውም» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ ግን እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ኢትዮጵያም በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ይህ ሁሉ ገንዘብ ጌዴኦ አልገባም፤ የገባውም ለሁሉም ቤት እኩል አልደረሰም። ቢሆንም ስሙ በዓለም የሚታወቅ ቡና የሚያበቅል አካባቢ ልብስ መግዛት ትቷል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ስለዚህ የዱቤ ደብተርዎን ያውጡና ድሮ ይገዙ የነበሩ፣ አሁን የቀሩ 20 ሰዎችን ስም ይጻፉ። ሲያገኟቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «በመጨረሻ የገዙትን ልብስ ከየት ገዙት?» መልሱ ዲላ ከሆነ የምርጫ ጉዳይ ነው። ሰልባጅ ከሆነ የዋጋና የጥንካሬ ጉዳይ ነው። ቴሌግራም ከሆነ የአዲስ ሞዴል ጉዳይ ነው። «ካለፈው ዓመት ወዲህ ምንም አልገዛሁም» ካሉ ብቻ ነው የገንዘብ ጉዳይ የሚሆነው። እነዚህ አራት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ አንድ ዓይነት መፍትሔ አይሠራላቸውም።

2. ዕቃ የሚያመጡት በማን የቀን መቁጠሪያ ነው?

ከዝርዝሩ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ጊዜ ወስደው ያስቡበት።

የጌዴኦ ገበሬ ዓመት በቡና ይመራል። እሸት ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ በቤቱ ጥሬ ገንዘብ የሚታየውም ያኔ ነው። ገና፣ ጥምቀት፣ የጥር ሰርግና የጌዴኦ የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል የሆነው ደራሮ የሚመጡትም በዚሁ ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ እየሳሳ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ቤተሰቡ በእንሰቱና በቆጠባት ጥቂት ጀንፈል ይሻገራል። ትምህርት ቤት ደግሞ የሚከፈተው ኪሱ ባዶ በሆነበት በመስከረም ነው።

ይህን ይዘው የራስዎን ልማድ ይመርምሩ፦

• የበዓልና የሰርግ ልብስ መርካቶ ወርደው የሚገዙት መቼ ነው? ታኅሣሥ ላይ ከሆነ ዘግይተዋል፤ ጅምላ ሻጩም ሁሉም ነጋዴ በሚሻማበት ሰዓት ዋጋ አይቀንስልዎትም። ዕቃው ጥቅምት ሳይጋመስ ሱቅዎ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

• የተማሪ ዩኒፎርም እንዴት ይሸጣሉ? ወላጅ በመስከረም አንድ ጊዜ እንዲከፍል ከመጠበቅ፣ ከጥር ጀምሮ በየገበያው ቀን ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ ነሐሴ ላይ እንዲወስድ ያመቻቹለት። ይህ ዱቤ አይደለም፤ ገንዘቡ ከዕቃው ይቀድማል። የተቀበሉትን ሁሉ ግን ከፋዩ በሚይዘው ካርድ ላይ ይፈርሙለት።

• ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ካፈራ በቀጣዩ የማረፍ ጠባይ አለው። በመስከረም ቡናው ዛፍ ላይ እንዴት እንደያዘ ከገበሬዎች ጠይቀው የሚያመጡትን ዕቃ መጠን በዚያ ይወስኑ።

• እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንና አባል ማኅበራቱ የትርፍ ክፍፍል የሚሰጡበትን ጊዜ ያውቃሉ? ከመኸሩ ውጭ ገበሬው እጅ ገንዘብ የሚገባበት አንዱ አጋጣሚ እሱ ነው።

• የመንግሥት ሠራተኛውና መምህሩ ግን በወር ደመወዝ ይኖራሉ። ክረምቱን የሚያሻግሩዎት እነሱ ናቸውና ለእነሱ የሚሆን ሸሚዝ፣ ሱሪና ቀሚስ ዓመቱን ሙሉ አይጥፋ።

3. መደርደሪያው ላይ የቆመው ገንዘብ ስንት ነው?

ሱቁን አንድ ቀን ዘግተው ቆጠራ ያድርጉ። ልብሱን በሦስት ይክፈሉት፦ ከገባ ሦስት ወር ያልሞላው፣ እስከ ዓመት የቆየው፣ ከዓመት በላይ የቆመው። ብዙ ነጋዴ ችግሩ የገንዘብ እጥረት ሳይሆን የቆመ ዕቃ መሆኑን የሚያየው ያን ቀን ነው።

ለምሳሌ 100 ሺህ ብር የወጣበት ልብስ ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ ቢቀመጥ፣ ያ ገንዘብ በዓመት ሦስት ጊዜ ቢሽከረከርና በየዙሩ 20 በመቶ ቢያተርፍ ያስገባ የነበረውን 60 ሺህ ብር አሳጥቶዎታል። ሞዴሉ ያለፈበትን ልብስ በገዙበት ዋጋ፣ ካስፈለገም ከዚያ በታች ሸጠው ገንዘቡን ያስፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር ከ58 ብር በታች ነበር፤ ከዚያ በኋላ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚገባ ልብስ መተኪያ ዋጋም አብሮ ተቀይሯል። በ600 ብር የገዙትን ሸሚዝ በ900 ብር ሸጠው 300 ብር አተረፍኩ ቢሉ፣ ያው ሸሚዝ አሁን መርካቶ 950 ብር ከሆነ ለመተካት ከኪስዎ 50 ብር ይጨምራሉ። ስለዚህ እንደ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስና ነጭ ሸሚዝ ያሉ ሞዴል የማይሽራቸውን ዕቃዎች በመተኪያ ዋጋቸው አስልተው ይሽጡ። ቅናሹ ሞዴል ለሻረው ብቻ ይሁን።

4. ዋጋዎ ተጽፏል?

«የመጨረሻ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በየሱቁ ይሰማል። የተከራከረው በ800 ብር ይወስዳል፤ ክርክር የሚያፍረው ገበሬ ያንኑ በ1,100 ብር ይወስዳል። ሰፈር ሲገቡ ሁለቱ ልብሳቸውን ያስተያያሉ። ከዚያ በኋላ በ1,100 ብር የገዛው ሰው አይመለስም፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። በአንድ ሽያጭ 300 ብር አግኝተው አንድ ቀበሌ ሊያጡ ይችላሉ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዝዛል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማችም እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ይህን ግዴታ ደንበኛ መመለሻ ያድርጉት። ከልጆች ልብስና ከዩኒፎርም ይጀምሩ፤ ዋጋውን በትልቁ ጽፈው ይለጥፉ፤ ለዘመድም ለእንግዳም አይቀይሩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተከራካሪ ደንበኛ ይቆጣል። ልጁን ልኮ የሚያስገዛ አባት ግን ሱቅዎን ያምናል።

5. ሰልባጁን ሊያሸንፉት ይችላሉ?

ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በኢትዮጵያ የተከለከለ ነው። ቢሆንም በየገበያው አለ፤ ይርጋጨፌም በሞያሌ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወደዚያ ንግድ መግባት ዕቃን በአንድ ፍተሻ ሊያሳጣ የሚችል ነውና አንመክርም። ገዢው ለምን እንደሚመርጠው ግን ይማሩ። ዋጋው ዝቅ ማለቱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ብዙዎች የሚሉት ሌላው «ጨርቁ ይጠነክራል» የሚል ነው።

እንግዲህ ከመርካቶ ሲገዙ ስፌቱን ይጎትቱ፣ ዚፑን ደጋግመው ይክፈቱ፣ ጨርቁን በእርጥብ ነጭ መሐረብ አሽተው ቀለም መልቀቁን ይዩ። ለቡና ለቃሚ አንድ ወር የማይቆይ ሱሪ የሚሸጥ ሱቅ ደንበኛውን በራሱ እጅ ወደ ሰልባጅ ይልከዋል።

6. ሱቅዎ ልክ ያስተካክላል?

ሰልባጅም ቴሌግራምም የማይሰጡት አንድ ነገር አለ፤ ልብሱን በሰውየው ልክ ማድረግ። ሱቅዎ ደጃፍ ላይ ከነመኪናው የሚቀመጥ ልብስ ሰፊ ያስጠጉ። ሱሪ የገዛ ሰው በነጻ አሳጥሮ ይሂድ፤ የተገዛ ልብስ ቁልፍ ቢረግፍ በነጻ ይተከልለት። ቁመት የሚያሳይ መስታወትና በደንብ የሚዘጋ መጋረጃ ያለው መለኪያ ቦታ ያዘጋጁ። ሴቶች ደንበኞች እንዲመጡ ከፈለጉ ሴት ሻጭ ይቅጠሩ።

የሻጩ ቋንቋም ይታሰብበት። ከገጠር የመጣች እናትን በጌዴኡፋ፣ ከጉጂ በኩል የመጣውን ሰው በኦሮምኛ የሚቀበል ሻጭ ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

7. ሰው በምን ያውቅዎታል?

ጃፓን ውስጥ ኡቤ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1949 አንድ የወንዶች ልብስ ሱቅ ተከፈተ። የባለሱቁ ልጅ ታዳሺ ያናይ እ.ኤ.አ. በ1984 ሂሮሺማ ላይ ዩኒክሎ የተባለውን የመጀመሪያ የልብስ ሱቅ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1998 ቶኪዮ ሃራጁኩ ሲገባ ሱቁን ያስተዋወቀው በአንድ ልብስ ነው፤ በ1,900 የን በሚሸጥ የፍሊስ ጃኬት። በዚያ አንድ ወቅት 2 ሚሊዮን ያህል ሸጧል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1928 የተመሠረተው የእንግሊዙ የሱቆች ድርጅት ቢ ኤች ኤስ ከልብስ እስከ መብራት ሁሉን ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በ1 ፓውንድ ተሸጠ፤ በ2016 ደግሞ 164 ሱቆቹ በሙሉ ተዘጉ። ዕዳና የጡረታ ፈንድ ጉድለት ነበረበት፤ ገዢውም ለምን ወደዚያ እንደሚሄድ የሚያስብበት ምክንያት አጥቶ ነበር።

በአገራችንም «ሱፍ» ሲባል የልብስ አምራቹ የአምባሳደር ስም ይነሳል። ይርጋጨፌ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብና ብርድ የማይጠፋባት ከተማ ናት። አስተማማኝ የልጆች ሹራብና የዝናብ ጃኬት ሁልጊዜ የሚገኝበት ሱቅ ስም ሊያወጣ ይችላል። የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም በሁሉም ቁጥር የያዘ ሱቅም እንዲሁ። አብያተ ክርስቲያናት በበዙበት አካባቢ የመዘምራን ልብስ በትእዛዝ የሚያሰፋ ሱቅም ሥራ አያጣም። አንዱን ይምረጡ፤ በእሱ «ቁጥር አልቋል» የሚል ቃል ከአፍዎ አይውጣ።

8. ስልክዎ ይሸጣል?

ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ወዲህ በስልክ መክፈል ልማድ እየሆነ ነው። አዲስ ዕቃ ሲገባ ፎቶውን ከነዋጋውና ከነቁጥሩ በቴሌግራም ይልቀቁ። ወናጎ፣ ኮቸሬና ገደብ ያለ ሰው ከፍሎ ያስይዝ፤ በገበያ ቀን ይውሰድ፤ ልኩ ካልሆነ ይቀይር። ለዚህ የሚያስፈልገው ስልክና ቃል አክባሪነት ብቻ ነው።

9. ከተበደሩ የሚከፍሉት መቼ ነው?

ብድር የሚጠቅመው ተሸጦ ያለቀን ዕቃ ለመተካት ነው። ለጣሪያ መብራትና ለመስታወት ጌጥ አይበደሩ። ክፍያው ክረምት ላይ የሚከብድ ከሆነ አይፈርሙ፤ ከጥር እስከ መጋቢት የሚያርፍ ውል ይጠይቁ። አዲስ ዱቤም የድሮው ሳይመለስ አይስጡ።

10. አሁን ይወስኑ

ከ20 ሰዎች አብዛኞቹ ዲላ ወይም ቴሌግራም ካሉዎት አይዝጉ፤ ገዢው አለ። የቆመውን ዕቃ ያስፈቱ፣ ዋጋ ይጻፉ፣ አንድ የሚታወቁበት ዕቃ ይያዙ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን አንድ ሙሉ የቡና ወቅት በዚህ ይሥሩ።

ያን ወቅት በአግባቡ ሠርተው በጥር መጨረሻ የሱቅ ኪራይዎንና የዕቃዎን መተኪያ መሸፈን ካልቻሉ ቦታው አይበቃዎትምና ያለ ሐፍረት ይዝጉ። አዲስ ብድር ሳይወስዱ፣ ዕዳ ሳይተዉ መዝጋትም ጥሩ ንግድ ነው።

የቡናውን ወቅት ሳያዩ፣ በሐምሌና በነሐሴ ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ግን አይወስኑ። ክረምት ላይ የተወሰነ ውሳኔ የዓመቱን ግማሽ ብቻ ያየ ነው። ነገ ጠዋት በቆጠራው ይጀምሩ።