ስለ ትምህርት ቤት ማዕድ

ልጆች ሆይ፥ ሰው የሚበላውን ሁሉ በራሱ ፈቃድ የሚመርጥ ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚበላው በእጁ አጠገብ ያገኘውን ነው። በትምህርት ቤት በር ከረሜላ ብቻ የሚሸጥ እንደ ሆነ፥ ገንዘብ ያለው ልጅ ከረሜላ ይበላል፤ ገንዘብ የሌለው ግን ቆሞ ያያል። የአንደኛው ጥርሱ ይጐዳል፤ የሁለተኛው ሆዱም ልቡም ይጐዳል። የተራበ ልጅ የመምህሩን ቃል በጆሮው ቢሰማም በልቡ ሊይዘው አይችልም።

በጃፓን አገር ይህን አስቀድመው ያስተዋሉ ሰዎች ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ዓመት፥ ጹሩኦካ በምትባል ከተማ፥ የቡድሃ መነኮሳት ባቆሙት ትምህርት ቤት ለድሆች ልጆች ያለ ዋጋ ምሳ ይሰጣቸው ጀመር። ምሳውም የተድበለበለ ሩዝ፥ ጨው የገባበት ዓሣና በጨው የተቀመጠ አትክልት ነበረ። በኋላም በ1954 ዓመት ስለ ትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ወጣ።

ዛሬ በብዙዎቹ የጃፓን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የባለጠጋውና የድሃው ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ፤ መምህራቸውም አብሮአቸው ይበላል። ተማሪዎቹ በየተራቸው እጃቸውን ታጥበው፥ ነጭ ልብስና ነጭ ቆብ አድርገው፥ ለጓደኞቻቸው ምግቡን ያድላሉ። ልጆቹ ከመብላታቸው በፊት የትምህርት ቤቱ አለቃ ምግቡን ይቀምሳል፤ ይህም የተበላሸ ነገር ቢኖር ልጆቹ እንዳይታመሙ ነው። በልተው ሲጨርሱም ሳሕኑን ራሳቸው ሰብስበው ይመልሳሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህ ልጆች አትክልቱን የሚበሉት ከሌሎች ልጆች ይልቅ በተፈጥሮ ብልሆች ስለ ሆኑ አይደለም፤ መልካሙ ምግብ በፊታቸው ስለ ቀረበ ነው። ስለዚህ ገበታ የሚያሰናዳ ሰው የብዙዎችን ጤና በእጁ ይዟል።

ነገ ከእናንተ አንዱ መምህር፥ አንዱ የፋብሪካ አለቃ፥ አንዱም የዩኒቨርሲቲ ሹም ይሆናል። ያን ጊዜ ሥራ ብቻ አይዘዝ፤ ከእርሱ በታች ያሉት ምን እንደሚበሉ ደግሞ ይጠይቅ። እስከዚያው ድረስ ግን ለእናንተም የሚገባ ሥራ አለ። ምሳ የያዘ ልጅ ምሳ ባልያዘው ፊት ብቻውን አይብላ። አንድ እንጀራ ለሁለት ቢቈረስ ሁለቱም ፈጽመው አይጠግቡ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱም ትምህርታቸውን ይሰማሉ።