ያበበ ዛፍና ያልደረሰ ፍሬ

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ የደረቀ የመሰለውን እንጨት በየዓመቱ የሚያለመልም እርሱ ነው።

አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ ዓረቦች ረቢዕ የሚሉት የአበባ ወቅት በአገራቸው ከብርዱ ወራት በኋላ ይመጣል። በእኛ በጎጃም ደጋ ግን ብርዱ የሚበረታው ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ ሌሊት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ፥ የወቅቱን መለወጥ አስቀድመው ከሚያስታውቁት የጓሮ ዛፎች አንዱ ኮክ ነው። ሎሚ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ይዞ ይኖራል፤ ኮክ ግን ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል። ላላወቀው ሰው ለማገዶ የደረሰ ይመስላል።

ረቢዐል አወል የሚባለው ወር ስሙ ከዚሁ ወቅት ቢመጣም፥ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በየወቅቱ ይዞራል። ስለዚህ የዛፍህን ጊዜ ከዛፉ ከራሱ እወቅ።

አንደኛው ምልክት የእምቡጡ ማበጥ ነው። ክብና ወፍራም የሆነው አበባ ይሆናል፤ ቀጭንና ሹል የሆነው ቅጠል ይሆናል። ኮክ የሚያብበው ባለፈው ዓመት በበቀለው ቀንበጥ ላይ ነውና፥ ቀንበጡን ሁሉ የቆረጠ ሰው የዘንድሮን ፍሬ ቆረጠ። ሁለተኛው ምልክት አበባው ከቅጠሉ ቀድሞ መፈንዳቱ ነው። ሦስተኛው የንቦች መመላለስ ነው። ኮክ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ያፈራል፤ ፖም ግን በአጠገቡ ሌላ ዓይነት ፖም ይሻል።

ነገር ግን አበባ ተስፋ እንጂ ሀብት አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ከተዳፋቱ ወርዶ በጎድጓዳ ስፍራ ይተኛል፤ ብርዱም ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ያህል ሲደርስ የፈነዳውን አበባ ያጠቁረዋል።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። በአጥር በኩል ስታልፍ ያበበ ኮክ ታያለህ። ባለቤቱ ዕዳ አለበት፤ አንተ ዘንድ ገንዘብ አለ። «አበባውን እንዳለ ሽጥልኝ» ልትለው ይቃጣሃል። ውርጭ ቢወርድ እርሱ ገንዘብህን ያለ ዋጋ በላ፤ ፍሬው ቢበዛ አንተ የችግረኛን ድካም በርካሽ ወሰድህ። ኢብኑ ዑመርና አነስ እንዳስተላለፉት፥ ነቢዩ ሙሐመድ (የአላህ ሰላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) ፍሬ ደኅንነቱ ሳይታይ በዛፉ ላይ እንዳለ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ክልከላው ለሻጩም ለገዢውም ነው። ምልክቱም መቅላቱ ወይም ቢጫ መሆኑ ነው። ጎረቤትህ ከቸገረው ያለ ወለድ አበድረው፤ ፍሬውን ለእኔ ብቻ ትሸጣለህ ብለህ አታስገድደው። ስለ ዋጋው ፍሬው ሲቀላ ተነጋገሩ።

አንቺም እኅቴ ሆይ፥ ዝናብ እስኪመጣ ሥሩን ውኃ አጠጪ። ፍሬው እንደ አውራ ጣት ጫፍ ሲያክል፥ በአንዱና በሌላው መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር ትርፉን ልቀሚ፤ የቀረው ይፋፋል። ልጆችሽም ያበበ ቅርንጫፍ እንዳይሰብሩ አስተምሪ። ወፍ ከቀመሰውም አትዘኚ፤ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰውም ወፍም እንስሳም የበላው ለተካዩ ምጽዋት ሆኖ ይቆጠራል።

አላህ ትዕግሥትንና ሐላል ትርፍን ይስጠን። አሚን።