ስለ ጊዜያዊ ፋይል ማኖሪያ

የዋጃ ገበሬ ማሽላውን በአውድማ ወቅቶ ወደ ጎተራ ያገባል። አውድማው ለሥራ ይመቻል፤ ነገር ግን ዝናም የመጣ እንደ ሆነ በላዩ የቀረው እህል ይበላሻል። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓትም እንዲሁ ሁለት ማኖሪያ አለው።

አንደኛው ራም የሚባለው ማኅደረ ትውስታ ነው። በዚህ የተቀመጠ ጊዜያዊ ፋይል ፈጥኖ ይጻፋል፤ ፈጥኖም ይነበባል፤ ዲስኩንም ከድካም ያሳርፈዋል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስፍራውም ጠባብ ነው፤ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ከራሙ እኩሌታ አያልፍም። ይኸውም ራሙ 4 ጊጋባይት ቢሆን 2 ጊጋባይት ነው።

ሁለተኛው ዲስክ ነው። ይህ ይዘገያል፤ ነገር ግን መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን ይጠብቃል።

ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው በ13ኛው እትሙ ቲኤምፒ የተባለውን ጊዜያዊ ክፍል ከዲስክ ወደ ራም አዛወረ። ቫር በሚባለው ክፍል ውስጥ ያለው ሌላው ቲኤምፒ ግን በዲስክ ላይ ቀረ፤ ማሽኑ ተዘግቶ ሲከፈትም ፋይሉ ይገኛል። ሆኖም እርሱም ቢሆን አሮጌው ፋይል በየጊዜው የሚጠረግበት ስፍራ ነው።

መምህራን ሆይ፤ ልብ በሉ። የተማሪዎች ውጤት የዓመት ድካም ፍሬ ነውና ከአውድማ አይደር። ሆም በሚባለው ክፍል፣ በስማችሁ በተከፈተው ማኅደር ይቀመጥ፤ ግልባጩም በሌላ ዲስክ ይኑር።

ጥያቄ። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው የትኛው ነው? የሚቀረውስ? ምክንያቱን አስረዱ።