ጎማ፦ አጋሮ ዋና ከተማ የነበረችበት አገር

ስለ አውሮፓ ትናንሽ አገሮች ሲነሣ ሞናኮን የማያውቅ ተማሪ አይገኝም፤ የእግር ኳስ ቡድኑ አስተዋውቆታል። ሊክተንስታይንንም ካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኝ አይጠፋም። የምንኖርባት አጋሮ ግን የራሱ ንጉሥ፣ ድንበርና ኬላ የነበረው አገር መናገሻ እንደነበረች የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። አገሩ ጎማ ይባል ነበር። ዛሬ ወረዳ ነው፤ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት መንግሥት ነበር። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትንሽ አገር ስንል

መጀመሪያ መለኪያ እንያዝ። ሊክተንስታይን በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ መካከል የምትገኝ በልዑል የምትመራ አገር ናት። ስፋቷ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 40 ሺህ ገደማ ነው። ከ1719 ጀምሮ በዚህ ስም ቆይታለች። 25 አባላት ያሉት ምክር ቤት አላት፤ ልዑሉም ዛሬ ድረስ ሕግ የማጽደቅና የመከልከል ሥልጣን አለው። ሞናኮ ደግሞ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት።

እነዚህ አገሮች ግዙፍ ጎረቤት አጠገባቸው እያለ እንዴት ሳይዋጡ ቆዩ? ጦር ኖሯቸው አይደለም። ሊክተንስታይን ጦሯን በ1868 በትናለች፤ በ1923 በፈረመችው ውል ጉምሩኳን ከስዊዘርላንድ ጋር አንድ አድርጋለች፤ በስዊዝ ፍራንክም ትገበያያለች። ሞናኮ በ1861 ማንቶንና ሮክብሩን የተባሉትን ከተሞች፣ ማለትም የግዛቷን አብዛኛውን ክፍል፣ በአራት ሚሊዮን ፍራንክ ለፈረንሳይ ለቀቀች፤ በለውጡ የቀረው መሬት የራሷ መሆኑን አስፈረመች። ትንሽ አገር የሚቆየው ከትልቁ ጎረቤቱ ጋር በሚያደርገው ውል ነው። ይህን ይዘን ወደ እኛ እንምጣ።

አምስቱ የጊቤ መንግሥታት

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦሮሞዎች ወደ ጊቤ አካባቢ ሲደርሱ የገዳን ሥርዓት ይዘው ነበር። በገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ማንም ዕድሜ ልኩን አይገዛም። ታዲያ ንጉሥ ከየት መጣ? ታሪክ ጸሐፊው መሐመድ ሐሰን በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ መልሱን ያስረዳል። ጦርነቱ ሲበዛ የጦር መሪው፣ አባ ዱላው፣ ስምንት ዓመቱ ሲያልቅ ሥልጣኑን አለቅም አለ። የእርሻ መሬት ዋጋ አወጣ፤ በአገሩ የሚያልፈው የሲራራ ንግድ ደግሞ ቀረጥ አስገኘ። መሬቱንና ገበያውን የያዘው ሰው ልጁን ወራሽ አደረገ።

እንዲህ ሆነው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 19ኛው መጀመሪያ ድረስ አምስት መንግሥታት ቆሙ፦ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። ከሁሉ ቀድሞ የገነነው ሊሙ ነው። ንጉሡ አባ ባጊቦ ከ1825 እስከ 1861 ነገሠ፤ ሰቃ የምትባለው ከተማው የአካባቢው ትልቅ ገበያ ነበረች። አባ ባጊቦ የሞተበት ዓመት ሞናኮ ውሏን የፈረመችበት ዓመት ነው። ከእርሱ በኋላ ሚዛኑ ወደ ጅማ አዘነበለ።

መሬቱ

ጎማ በአራቱም በኩል በእኩዮቿ የተከበበች ነበረች። በሰሜን ሊሙ፣ በምዕራብ ጉማ፣ በደቡብ ጌራ፣ በምሥራቅ ጅማ። ከአምስቱ መሀል የተቀመጠችው እሷ ናት፤ ይህ ኋላ ዕጣዋን ስናይ ያስፈልገናል።

መሬቷ ብዙው ወጣ ገባ ያለ ሰፊ ሸለቆ ነው፤ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ። ሲንቃና ቤምባ የሚባሉ ሁለት ከፍ ያሉ ቦታዎች ነበሯት፤ ቤምባ ከጉማ ጋር የሚያዋስናት፣ ውሃ ወደ ሁለት ወገን የሚከፍል ከፍታ ነው። ውርጭ የሌለበት፣ ዝናብ የማይርቀው፣ የዋንዛና የብሳና ጥላ ያለበት አገር ለቡና ምን ያህል እንደሚስማማ ለአጋሮ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ውሃው ግን ትንሽ ልቆይ፤ ተማሪዎች ሲሰሙት ሁልጊዜ ይገረማሉ። ጅማ ከተማን የሚያቋርጠው አዌቱ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፤ ግልገል ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ። የጎማ ተራሮች ውሃ ደግሞ ወደ ዴዴሳ ይወርዳል፤ ዴዴሳ ወደ አባይ፣ አባይ ወደ ሱዳንና ግብፅ፣ በመጨረሻም ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር። ከጅማ በየቡ በኩል ወደ አጋሮ ስትመጡ በመንገድ ላይ አንድ ቦታ ከኦሞ ተፋሰስ ወጥታችሁ የአባይ ተፋሰስ ውስጥ ትገባላችሁ። ጎማ ከጊቤ መንግሥታት ጋር ብትቆጠርም ውሃዋ የሚሄደው ወደ አባይ ነው።

ሕዝቡ

በ1880 ገደማ የተሠራ ግምት የጎማን ሕዝብ ከ15 እስከ 16 ሺህ ያደርሰዋል። በ2007 ቆጠራ አጋሮ ከተማ ብቻዋን ከ25 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። የዚያን ዘመን ጎማ በሙሉ የዛሬዋን አጋሮ አይሞላም ማለት ነው።

ጎማዎች ከኦሮሞ ሁሉ የበለጡ ገበሬዎች ናቸው የሚል ስም ነበራቸው። ሌላም ስም አላቸው፦ ከጊቤ መንግሥታት ሕዝቡ እስልምናን በመቀበል ጎማ የመጀመሪያዋ ናት። የነገሥታቱ ዘር ኑር ሁሴን ከሚባል፣ ተአምር ይሠራ ነበር ከሚባልለት የሞቃዲሾ ሰው እንደሚመዘዝ ይነገር ነበር። ይህ የቤተ መንግሥት ትረካ ነው፤ የዘር ሐረጉን እንደ ማስረጃ አልወስደውም። የሚነግረን ሌላ ነገር አለ፦ በዚህ ሸለቆ የነገሠ ቤተሰብ ራሱን ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ከተማ ጋር ማዛመድን እንደ ክብር ይቆጥር ነበር። ሃይማኖቱን ይዘው የመጡት ነጋዴዎች ናቸውና ዓይኑ ወደ ንግዱ መንገድ መመልከቱ አያስደንቅም።

ሞቲውና ሹማምንቱ

ንጉሡ ሞቲ ይባላል። የምንሰማቸው የነገሥታት ስሞች፣ አባ ባጊቦ፣ አባ ጅፋር፣ የጎማው አባ ማኖ፣ የፈረስ ስሞች ናቸው። የንጉሡ ሚስትና እናት ገነ ይባላሉ፤ የሴቶቹ ሥልጣን ደግሞ የስም ብቻ አልነበረም። በጌራ ገነ ፋ የተባለች ንግሥት ትገዛ በነበረበት ጊዜ ሁለት ጣሊያናውያን ተጓዦች፣ ቼኪና ኪያሪኒ፣ በአገሯ ተይዘው ቆዩ። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ፤ ቼኪ በማግሥቱ ዓመት ተለቀቀ፤ ኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ ስለ ጉዞው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። ስለ አምስቱ መንግሥታት ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከዚህ እስረኛ ብዕር ነው።

አስተዳደሩን በዝርዝር ያጠናው አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኸርበርት ሉዊስ ነው፤ ያጠናው የጅማን ሲሆን መጽሐፉ በ1965 ወጣ። አምስቱ መንግሥታት የአንድ ባህል ልጆች ስለሆኑ የጅማው አሠራር የጎረቤቶቿንም መልክ ያሳያል። አገሩ ቆሮ በሚባሉ ስልሳ ያህል ክፍሎች ይከፈላል፤ በየቆሮው ላይ አባ ቆሮ ይሾማል፤ ከአባ ቆሮው በታች አባ ገንዳዎች አሉ። አባ ቆሮው በዘር የሚወርስ ባላባት አልነበረም፤ ሞቲው ይሾመዋል፣ ሞቲው ይሽረዋል። አባ ዱላ ጦሩን ይመራል፤ አባ ሚዛን ግምጃ ቤቱን ይይዛል።

እኔን ከሁሉ የሚስበኝ ድንበሩ ነው። በሁለት አገሮች መካከል ሞጋ የሚባል፣ ማንም የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዋል። ከሞጋው ወዲህ ቦይ ይቆፈራል፣ አጥር ይታጠራል። መግቢያው ኬላው ብቻ ነው፤ እዚያ አባ ኬላ ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን ይጠይቃል፣ ከነጋዴው ቀረጥ ይቀበላል። መንግሥት ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ተማሪ ይህን ኬላ አሳየዋለሁ። ሰው የሚጠብቀው ድንበር፣ ቀረጥ የሚገባበት ግምጃ ቤት፣ ሹመት የሚሰጥ አንድ ሰው ካለ አገሩ በግማሽ ቀን የሚታለፍ ቢሆንም መንግሥት ነው።

ከጎረቤት ጋር የሚደረገው ግንኙነትም በመልእክተኛና በጋብቻ ይመራ ነበር። ነገሥታቱ እርስ በእርስ ልጆቻቸውን ይዳራሉ፤ አማቾች ሆነውም ይዋጋሉ።

የገበያው ሁለት ፊት

በዚህ አገር ያለፈው የሲራራ መንገድ ከደቡብ፣ ከከፋ በኩል ተነሥቶ፣ አባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ጎንደርና ምጽዋ ይደርስ ነበር። ዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ ማርና ቡና ወደ ሰሜን ይወጣል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። አሞሌው ገንዘብም ነበር። የጌራ ማር በዚያ ዘመን ስሙ የገነነ ነው።

ከእነዚህ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ሰቃም ሆነ የጅማው ሒርማታ የባሪያ ገበያ ነበሩ፤ የነገሥታቱ ሀብት ክፍሉ ከዚያ የተገኘ ነው። በጦርነት የተማረከ፣ በዕዳ የተያዘ፣ በልጅነቱ የተሰረቀ ሰው በእነዚያው መንገዶች ታስሮ ተነድቷል። ይህን የምጽፈው የአገራችንን መንግሥታት ለማሳነስ አይደለም። ግን የኬላውንና የአባ ቆሮውን ሥርዓት አድንቀን በኬላው ያለፈውን ሰው ከዘለልን ለልጆቻችን ግማሹን ታሪክ ብቻ እያስተማርን ነው።

ጎማ ስትወድቅ ጅማ ለምን ቆየች?

በ1882 የሸዋው ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን እምባቦ ላይ ድል አደረገ። የጊቤ አገር ንግድ ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ በዚያ ጦርነት ተቆረጠ። ለአምስቱ ነገሥታት የቀረው ምርጫ መገበር ወይም መዋጋት ነበር።

በጅማ ከ1878 ጀምሮ የነገሠው ዳግማዊ አባ ጅፋር ገና ወጣት ነበር። መገበርን መረጠ። በየዓመቱ ግብር ይልካል፤ ምኒልክም በአገሩ አስተዳደር አይገባበትም። ውሉ በጅማ ላይ ሌላ ግዴታም ጥሏል፦ በ1894 በወላይታ፣ በ1897 በከፋ ዘመቻ የጅማ ሰው ከምኒልክ ጦር ጋር ተሰልፏል። የራስን አገር ለማትረፍ በጎረቤት አገር ላይ መዝመት ማለት ነው። አባ ጅፋር በ1932 እስኪሞት ድረስ፣ ሃምሳ ዓመት ያህል፣ ጅማ በራሷ ሞቲ ተዳደረች። ከዚያ ወዲያ ነው የማዕከላዊው መንግሥት ሹም በቀጥታ የገባው።

ጎማ በ1886 በምኒልክ የጦር አለቃ በበሻህ አቦዬ ተያዘች። በ1887 ጌራ ተከተለች። በጎማ የንጉሡ መሬት ለሹማምንትና ለወታደር ተከፋፈለ፤ በገበሬነቱ ስም ያወጣው ሕዝብ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። ይህ እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ቆየ።

ልዩነቱን በንጉሥ ጥበብ ብቻ የሚያስረዱ አሉ፤ እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። ጅማ ሰፊ ነበረች፣ ሒርማታ ገበያዋ ለሸዋ ግምጃ ቤት የማያቋርጥ ገቢ ያመጣል፤ ስለዚህ ለመደራደር የምታቀርበው ነገር ነበራት። ጎማ ግን በእኩዮቿ መካከል የተዘጋች፣ 15 ሺህ ሰው የያዘች፣ ትልቁ ገበያ በጎረቤት እጅ የሆነባት ትንሽ አገር ናት። ሊክተንስታይን ስዊዘርላንድን የሚያህል ሰላማዊ ጎረቤት፣ ሞናኮ ደግሞ የምትለቀው ከተማና ከተማውን በገንዘብ የሚገዛ የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት አገኙ። የጎማ ሞቲ ምን ነበረው? ለም መሬት ብቻ፤ ለም መሬት ደግሞ ወታደሩን በመሬት ላይ ተክሎ ለሚያሳድር ኃይል የመደራደሪያ ዕቃ አይሆንም፣ የሚፈለገው ራሱ ነው።

ዛሬ ምን ይታያል?

ጅማ ላይ የጅሬን ቤተ መንግሥት አለ፤ የአባ ጅፋር ዕቃዎችም በከተማው ሙዚየም ተቀምጠዋል። ለጎማ እንዲህ ያለ ቤት የለም። የጎማ ስም በወረዳው ላይ ቀርቷል፤ አጋሮም በዚያው ቦታዋ አለች። ሸለቆው ዛሬ የሚታወቀው በቡናው ነው፤ የዱሮሚና የገበሬዎች ማኅበር ቡና በ2012 በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጥቷል።

የቤት ሥራው ይህ ነው። እያንዳንዳችሁ በሰፈራችሁ ያሉ አባቶችንና እናቶችን ኬላው የት እንደነበረ፣ ሞጋ የሚባል ቦታ እንዳለ፣ አባ ቆሮ የነበረ ሰው ዘር የት እንደሚኖር ጠይቁ። የሰማችሁትን የተናጋሪውን ዕድሜና ቀበሌ ጨምራችሁ ጻፉ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትጣሉ። ከሰበሰባችሁት የጎማን ኬላዎችና ድንበር የሚያሳይ ካርታ በክፍል ውስጥ አብረን እንሠራለን።