ስንቅ ለመንገደኛ፦ ውጭ አገር ምን እንበላለን?



ከመካከላችን ለውጭ የትምህርት ዕድል የሚያመለክቱ ወንድሞችና እህቶች እየበዙ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ከቪዛና ከቲኬት ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ሁሌም የምግብ ነገር ነው።

ጥያቄው ለጎንደር ሙስሊም አዲስ አይደለም። የጥንት ነጋዴዎቻችን የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርደው፣ በድብ ባሕር አልፈው እስከ ምፅዋ ሲዘልቁ ስንቃቸውን ይዘው ነበር። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 197 የሐጅ ተጓዦችን ስንቅ እንዲይዙ ያዛል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ የየመን ሰዎች በአላህ ተመክተናል በሚል ያለ ስንቅ ወጥተው መካ ሲደርሱ ሰው ይለምኑ ስለነበር ነው አንቀጹ የወረደው።

አገራችን ውስጥ ነገሩ ቀላል ነው። ሥጋ ቤቱ ተለይቷል። ክርስቲያን ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ እንኳ ለእኛ በግ ይለያል፤ አራጁም ወጥ ሠሪዋም ከእኛው ናቸው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ስለምንበላው ጠይቀን አናውቅም፤ ማኅበረሰቡ ጠይቆልናል። ውጭ ግን ጠያቂው ራሳችን ነን።

እዚህ ላይ ልማድንና ሸሪዓን እንለይ። ሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 5 የመጽሐፉን ሰዎች ምግብ ፈቅዷል፤ ዑለማኦችም ይህ እርዳቸውን እንደሚጨምር ያስረዳሉ። እኛ አገር ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሌላውን እርድ አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው። ይህን ልማድ ውጭም ይዞ የሚቆይ አልተሳሳተም። በአንቀጹ መሠረት የበላውን ወንድሙን ሐራም በላህ ማለት ግን መድፈር ነው። በሌላ በኩል አንቀጹ ሱፐርማርኬት ያለውን ሥጋ ሁሉ ሐላል አያደርግም። በአንቀጽ 3 የተከለከሉት አሳማ፣ ደምና በክት እንደተከለከሉ ናቸው፤ ሳይታረድ የሞተ እንስሳም በክት ነው። አራጁ ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደታረደ በማይታወቅበት ቦታ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት መግዛቱ ልብን ያሳርፋል እላለሁ።

«ደሩራ ነው» የሚለውንም ቃል እንጠንቀቅ። ደሩራ ለሕይወቱ ለሚሰጋ ነው። ዳቦ፣ እንቁላልና ፍራፍሬ ባለበት፣ ማረድ የማያስፈልገው ዓሣም (ማኢዳህ 96) በሚሸጥበት ከተማ ሥጋ ማማር ደሩራ አይባልም!

አስቸጋሪው የማይታየው ነው። ቻይና ውስጥ አትክልት በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል፤ የሁዪ ሙስሊሞች ምግብ ቤት «ቺንግዠን» የሚል ጽሑፍ አለው፣ እሱን ፈልጉ። ሕንድ ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይ ያለ አረንጓዴ ነጥብ ሥጋ የሌለበት መሆኑን ያሳያል። አውሮፓ ከረሜላና አንዳንድ እርጎ ውስጥ ያለው ጄላቲን ከአሳማ ሊሆን ይችላል፤ «ኢ 471» የተባለውም ከአትክልት ወይም ከእንስሳ ስብ ስለሚሠራ፣ ምንጩ ካልተጻፈ አምራቹን መጠየቅ ነው።

ለአውሮፕላኑ ቲኬት ስትቆርጡ የሙስሊም ምግብ እዘዙ፤ የአየር መንገዶች መለያው ኤም.ኦ.ኤም.ኤል. ነው። ተሳፍሮ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ቀደም ብሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

እናቶቻችን ቋንጣና ቅቤ ሻንጣ ውስጥ መክተት ይወዳሉ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ጉምሩክ ላይ ይወሰድባችኋል። ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ይሻላሉ፤ በሶ ደግሞ ምድጃም አይፈልግም።

ወላሁ አዕለም።