ጥናት ለኅትመት የሚበቃው እንዴት ነው? ከዙሪክና ከጄኔቫ የተገኘ ትምህርት

አንድ ጥናት ለኅትመት እንዲበቃ ጥያቄው በጥንቃቄ መመረጥ አለበት፤ ድምዳሜውም ከማስረጃው ልክ ማለፍ የለበትም። በስዊዘርላንድ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ይህንን በግልጽ ያሳያሉ።

የጥያቄ ምርጫ

በዙሪክ አቅራቢያ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ፣ ጆርጅ ቤድኖርዝና አሌክስ ሙለር ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት የሚያስተላልፉ ቁሶችን ይፈልጉ ነበር። ብዙዎች የደከሙባቸውን የብረታ ብረት ውህዶች ትተው ወደ ኦክሳይዶች ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 ባሕርይው በ35 ኬልቪን ገደማ መታየት ሲጀምር አስተዋሉ፤ የቀድሞው ክብረ ወሰን 23 ኬልቪን ገደማ ነበር። መግነጢሳዊው ማረጋገጫ ገና ስላልተገኘ ግን የጽሑፋቸውን ርዕስ «ሊሆን የሚችል» በሚል ቃል ገደቡት። በ1987 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የማስረጃ ልክ

የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ፣ 51 ፔጋሲ የተባለው ኮከብ በየ4.2 ቀኑ እንደሚወዛወዝ በፈረንሳይ በተተከለ ቴሌስኮፕ ደረሱበት። ሆኖም ለማሳተም አልቸኮሉም። ኮከቡ ዳግም እስከሚታይበት እስከ ሐምሌ 1995 ጠብቀው፣ አስቀድመው ያሰሉት እንቅስቃሴ መድገሙን አረጋገጡ። በዚያው ዓመት በኔቸር መጽሔት የታተመው ጽሑፍ ርዕስም «ፕላኔት» አይልም፤ ጁፒተርን የሚያህል ግዝፈት ያለው የኮከብ «ተጓዳኝ» ይላል። በ2019 እነርሱም የኖቤል ተሸላሚ ሆኑ።

ጽሑፉን ለመጽሔት የሚያዘጋጅ ተመራማሪ እንግዲህ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ከቀደሙት ሥራዎች ምን ይለያል? እያንዳንዱን ድምዳሜ የትኛው ልኬት ይደግፈዋል? ያልተረጋገጠውስ በግልጽ ተነግሯል? ገምጋሚዎች የሚመዝኑት ይህንኑ ነው።